አይነቃነቁ!

ጥፋቱ ምንጊዜም የሌላ ሰው የሆነ ባለሙያ ገጥሟችሁ አያውቅም? እኛ ንፋስ መውጫ ላይ ፎቶ አንሺው ጋሽ ደሴ አሉልን። ወንበር ላይ ያስቀምጡንና «አይነቃነቁ!» ይላሉ፤ ፎቶው ከተበላሸ የተነቃነቅነው እኛ ነን።

በጃንሆይ ጊዜ ደብረ ዘይት ወርደው፣ በሌሊት መብራቱን አብርቶ ሰማይ ላይ የሚገለባበጥ የአየር ኃይል አውሮፕላን አነሡ። አብራሪው የመቶ አለቃ ስለሆነ፣ «ኧረ ጌታዬ፣ አይነቃነቁ!» እያሉ በአክብሮት ጮኸውበታል። ሲመለሱ ፎቶውን አሳዩኝ፤ ጨለማ ውስጥ አንድ ነጭ ጭረት።

«ምንድን ነው?»

«አውሮፕላኑ ነዋ! ተነቃነቀ።»

ሟቹ አባቴ ያለቻቸው አንዲት ፎቶም የጋሽ ደሴ ሥራ ናት። ሲነሡ ሳል ይዟቸው፣ በነጭ ጋቢያቸው ነጭ ጭረት ሆነው ቀርተዋል። ከዚያ ወዲህ እንግዳ ሲጠይቀኝ፣ «አባቴ ናቸው፤ ሲበሩ ነው» እላለሁ።