ዘመናዊ እጅ አሰጣጥ

[ቡሬ፣ ፲፱፻፴ ዓ.ም.። ከጣልያን ምሽግ አጠገብ ያለ ሜዳ፣ ረፋድ ላይ። አስተርጓሚው ክንፈሚካኤል ለካፒቴኑ በዓል አንድ የጥንት ተውኔት አድሶ ሊያቀርብ ነው። ከተሳካለት ደምበጫ ላይ ሹመት ይጠብቀዋል፤ ካልተሳካለት የሚጠብቀውን ማሰብ እንኳ አይፈልግም። ባለ ላባ ኮፍያ አድርጎ ንጉሡን የሚጫወተው ራሱ ነው፤ ገበሬው ዘሩ የሽፍቶች አለቃ ሆኖ ይጫወታል፤ አሥራ አንድ ጓደኞቹ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል።]

ዘሩ፦ ኧረ ጌታዬ፣ ንጉሥ ኮፍያ አያደርግም!

ክንፈሚካኤል፦ ያደርጋል! የጥንቱ ዘውድ ይደፋ ነበር፤ የዘመኑ ግን ባለ ላባ ኮፍያ ያደርጋል። ዘመናዊ ቴአትር ይኸ ነው።

ዘሩ፦ መጨረሻውስ? ድሮ ስናየው ትዕቢተኛው ንጉሥ ይሸነፍና ገበሬዎቹ ይጨፍሩ ነበር።

ክንፈሚካኤል፦ እሱ አርጅቷል! አሁን ንጉሡ ያሸንፋል። እናንተ ከዱር መጥታችሁ መሣሪያችሁን ካፒቴኑ እግር ሥር ትጥላላችሁ።

ዘሩ፦ [በመሣሪያ ፈንታ የያዘውን ዱላ እያገላበጠ] ይኸን?

ክንፈሚካኤል፦ ምን አለበት?

ዘሩ፦ ምንም። ብቻ ካፒቴኑ፣ «ሁለት ዓመት ሙሉ ያስቸገሩኝ በዱላ ነው እንዴ?» ብለው እንዳይቆጡ ብዬ ነው።

[ክንፈሚካኤል ደነገጠ። ሐሳቡ ከዘሩ አፍ በመውጣቱ ቅር አለው፤ ስለዚህ የራሱ አደረገው።]

ክንፈሚካኤል፦ ዝም በል፣ አንድ ነገር መጣልኝ! እውነተኛ ጠመንጃ ያስፈልገናል!

ዘሩ፦ ወይ ጥበብ! ይኸ ለማን ይመጣለታል?

[ክንፈሚካኤል ወደ ምሽጉ የመሣሪያ ግምጃ ቤት ሮጠ፤ ፈርሞ አሥራ ሁለት ጠመንጃ አስወጣ። ዘሩ የደረሰውን ገልብጦ ያዘው።]

ዘሩ፦ ጌታዬ፣ አፉ በየት በኩል ነው?

ክንፈሚካኤል፦ አይ የገጠር ሰው! በዚያ በኩል ነው፤ ወደ እኔ አታዙረው!

ዘሩ፦ እሺ። ጠመንጃውን የሚያስረክብ ሰው መጀመሪያ ይፎክራል አይደል?

ክንፈሚካኤል፦ ይፎክራል እንጂ! የጎጃም ወንድ ሳይፎክር መሣሪያውን ለማን ይሰጣል?

ዘሩ፦ ፎክሮ ሳይተኩስ ከቀረስ? አገሩ ሁሉ አይሥቅበትም?

ክንፈሚካኤል፦ ይሥቅበታል... ቆይ! ጥይት!

[እንደገና ሮጠ፤ እንደገና ፈረመ። ለያንዳንዱ አሥር አሥር ጥይት አደለ። በራሱ ብልኀት ልቡ እስኪሞላ ተደሰተ።]

ዘሩ፦ እንግዲህ ከዚህ ከዛፉ ሥር ተነሥተን እጅ እንስጥ?

ክንፈሚካኤል፦ አንተስ ምን ዓይነት ፍጥረት ነህ! ከዛፍ ሥር የተነሣ ሰው ከዱር መጣ ይባላል? ጓደኞችህ ከወንዙ ማዶ ያለው ደን ውስጥ ይግቡና ስጠራቸው ይምጡ!

ዘሩ፦ ዘበኞቹ ቢያስቆሟቸውስ?

ክንፈሚካኤል፦ [ወረቀት እየጻፈ] «ለቴአትር ነውና ይለፉ።» ማኅተሙ ይኸውልህ! አንተ ግን ቆይ፤ አጎነባበስህን ላሠልጥንህ።

[አሥራ አንዱ በሰልፍ ወጡ። ዘሩ ብዙ ጊዜ አጎነበሰ፤ አንዱም አላማረለትም።]

ክንፈሚካኤል፦ ይብቃ። [ወደ ደኑ እየጮኸ] እናንተ ሽፍቶች! ኑ!

[ከደኑ ማንም አልወጣም።]

ክንፈሚካኤል፦ ኑ እንጂ! አልሰሙም እንዴ?

ዘሩ፦ ሰምተዋል።

ክንፈሚካኤል፦ ታዲያ ለምን አይመጡም?

ዘሩ፦ ምን ሊያደርጉ ይመጣሉ? የሚፈልጉትን ይዘዋል።

[ጠመንጃውን ቀና አድርጎ፣ እጁን እንኳ ሳያይ ጥይት አጎረሰው።]

ክንፈሚካኤል፦ አንተ... አያያዙን አታውቅም ነበር እኮ! ወየው! በስሜ ፈርሜያለሁ፤ ካፒቴኑ ይሰቅለኛል!

ዘሩ፦ እሱንማ አስበንበታል። አንድ በቅሎ ከማዶ አስረንልዎታል፤ ቶሎ ይምጡ።

[ክንፈሚካኤል ምሽጉን አየ፤ ደኑን አየ። እንባው መጣ። ባለ ላባውን ኮፍያ ሜዳው ላይ ጥሎ ተከተለው።]

ክንፈሚካኤል፦ እኔ እኮ የመረጥሁህ ቂል ነው ብዬ ነው!

ዘሩ፦ እኛም የመረጥንዎ ብልህ ናቸው ብለን ነው፤ ቂል ቢሆኑማ ኖሮ ማን ጠመንጃ አምኖ ይሰጥዎት ነበር?