ተራራው ያወረደው ሙሾ

ትናንት ከቀትር በኋላ፣ ከናዳው ወዲህ ባስጠለሉን ድንኳን ውስጥ ሰሌኔ ላይ ጋደም ብዬ ሕልም አየሁ።

የእርዳታ ሠራተኞቹ ተሰልፈው ቆመዋል፤ እኛ ተፈናቃዮቹ በጣሳ ስንዴ እየሰፈርን እንሰጣቸዋለን። አንደኛው ትንሽ ጨምርልኝ ብሎ ለመነኝ። ግጥም ሳታመጣ አይጨመርልህም አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ወደ ሰልፉ ጭራ ሄደ።

ቀና ስል ድንኳኑ የልቅሶ ድንኳን ሆኗል። ናዳው የወሰዳቸው ጎረቤቶቼ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። የሚያለቅሱት ለእኛ በሕይወት ለቀረነው ነው። አልቃሻቸው ደግሞ ያው በላያቸው የተናደው ተራራ ነው። በሩ ጠቦት ጎንበስ ብሎ ገባ። እንደ አልቃሽ ወግ፣ ከመጀመሩ በፊት ምን ተብሎ ይለቀስለት ብሎ ስለ እኔ ከሙታኑ መካከል የተቀመጠችውን ባለቤቴን ደብሪቱን ጠየቃት። እሷም ነገር አላበዛችም፤ ቃል አይወጣውም ነበር አለችው። ተራራው ጉሮሮውን ጠረገና አወረደው፤

ቃል እንደ ጨው ቆጥቦ ዕድሜውን የኖረ፣
ሁሉን እኔ ወስጄ እሱ ውጭ አደረ።

ሙታኑ ደረታቸውን መቱ። እኔን ግን ከፋኝ። ለደብሪቱ እስከ ዛሬ ማንም አላለቀሰላትም፤ አስከሬኗ ሳይገኝ ልቅሶ አይቀመጥም ተብሎ ቀርቷል።

«አንተስ ለእኔ?» አለችኝ። «ክረምቱን ሙሉ ጠበቅሁህ።»

«ግጥም አላውቅም።»

«ተራራው እንኳ ያውቃል።»

ተነሥቼ ቆምኩ። የመጀመሪያው ስንኝ መጣልኝ፤

የሰው ጥጃ ልትፈታ ወደ ዶፍ የሮጠች፣

ደብሪቱ ነጠላዋን ከጆሮዋ ገለጥ አድርጋ ሁለተኛውን ጠበቀች። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«አባባ፣ ይነሡ።»

ነቃሁ። የመጠለያው አስተባባሪ ወንበር ደራርቦ ተሸክሞ ራስጌዬ ቆሟል። ድንኳኑ ለናዳው መታሰቢያ የግጥም ዝግጅት እንደሚፈለግ ነገረኝ። ገጣሚዎቹ ከከተማ መጥተዋል፤ ወንበሩ ለእንግዶች ብቻ ስለሚበቃ እኛ ውጭ ሆነን በድምፅ ማጉያ እንሰማለን።

የደብሪቱ ስም ይጠራ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ስም እንኳ አይጠራም፣ አባባ» አለኝ ወንበሮቹን እያወረደ። «ግጥሙ ውስጥ የሚያለቅሰው ተራራው ነው።»

ሰሌኔን ጠቅልዬ ወጣሁ። ውጭ ያካፋል። ሁለተኛው ስንኝ ጠፍቶኛል።