የካውንቲያችን ቁጥር እንዳይሳሳ

የካውንቲውን ሕዝብ በሙሉ ብቻውን የወለደ የሚመስለው ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንድ አለኝ። ቾል ይባላል፤ ኢታንግ የስደተኞች ካምፕ አብረን አድገን አሁን ጁባ፣ ሎሎጎ ሰፈር ጎረቤቴ ነው። የነፃነት ሪፈረንደሙ ምዝገባ ሲጀመር በየካውንቲው ስንት መራጭ እንዳለ እንደ ዳዊት ይደግም ነበር።

"እነዚያ የጎረቤት ካውንቲ ሰዎች ከኛ ይበልጣሉ? ላሞቻቸውን ካላስመዘገቡ በቀር!" ይላል።

እናቱ እማማ ኛቦል ግን ነገር አያበዙም። መመዝገቢያው ትምህርት ቤት ከደጃፋቸው ሃምሳ እርምጃ አይርቅም።

"ልጄ፣ እዚሁ ብመዘገብ ሰው አልሆንም?" አሉት።

"እማዬ፣ እዚህ ከተመዘገብሽ እኮ ለጁባ ነው የምትቆጠሪው! የኛ ቁጥር ሲሳሳ ማን ክሊኒክ ይሠራልናል?"

እኔስ ምን ነካኝ? "እማማ፣ እዚሁ ይመዝገቡ" ማለት ሲገባኝ፣ ወደ ካውንቲያቸው ሊሄዱ ሲነሡ ሻንጣቸውን ተሸክሜ የወንዙ ወደብ ድረስ ሸኘኋቸው። የተሳፈሩበት የጭነት ጀልባ ወንዙ መሐል አሸዋ ውስጥ ተቀርቅሮ ሰነበተ። እናትና ልጅ ካውንቲያቸው ሲደርሱ መዝጋቢዎቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሄደዋል፤ ሳይመዘገቡ ተመለሱ።

ድምፅ በተሰጠበት ቀን እማማ ኛቦል አዲሱን ቀሚሳቸውን ለብሰው ሎሎጎ ደጃፋቸው ላይ ተቀመጡ። ጎረቤቱ ሁሉ ቀለም የነካ ጣቱን እያሳያቸው ሲያልፍ እሳቸው "ማብሩክ፣ ማብሩክ" እያሉ እንኳን ደስ አላችሁ ይላሉ። እኔ ግን ጣቴን ኪሴ ከትቼ አለፍኩ።

በኋላ የየካውንቲው ቁጥር በሬዲዮ ሲነበብ ቾል ሊዘጋው ተነሣ።

"ተወው፣ ይናገር" አሉት እናቱ። "ምናልባት ተሳስተው ቆጥረውኝ ይሆናል።"