ሊቀ ጓዝ ቢሆነኝ

ሰው ከቤቱ ወጥቶ በሚሄድበት ሀገር ሁሉ አንድ የማይቀር ሰው አለ። ራሱ የትም አይሄድም፤ የሚሄደውን ግን እሱ ሳያስታጥቀው ከደጅ አያስወጣውም። ጠበል ልትወርዱ ስትሉ፣ ዘመድ ልትጠይቁ ስትነሡ፣ ሳይጠራ ከተፍ ይላል። ያሰራችሁትን ስልቻ ፈትቶ ውስጡን ያይና ራሱን እየነቀነቀ "ይኸ ብቻ?" ይላችኋል። ይበቃል ያላችሁት ስንቅ ድንገት ያሳፍራችኋል። እናንተም ሰፈር አለ፣ አትካዱ።

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት በቡሬ ገጠር ይህን ሹመት የያዙት አያ ቢሆነኝ ነበሩ። "ሊቀ ጓዝ" የሚለውን ማዕረግ የሰጣቸው ዘሩ ነው፤ ያውም በልቡ፣ እሳቸው ሳይሰሙ። አያ ቢሆነኝ በወጣትነታቸው ቋሪት ወጥተው ቅኔ ተምረዋል ይባላል። ማን እንዳለ አይታወቅም፤ ነገሩን አጥብቀው የሚያወሩት ግን እሳቸው ነበሩ። ወሬያቸው ሁሉ "እኛ ቅኔ ቤት ሳለን" ብሎ ይጀምርና "ያለዚህማ እንዳትሞክረው!" ብሎ ያልቃል። በዚህች "ቅኔ ቤት ሳለን" በምትል ቃል በሠርግም በለቅሶም ከፍ ብለው ይቀመጡ ነበር።

ዘሩ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ዳዊት ደግሟል፣ ዜማውንም እንደ አቅሙ ሞክሯል፤ አሁን ቋሪት ወጥቶ ቅኔ ቤት ሊገባ ነው። ለዚያ ሀገር ልጅ ከዚህ የበለጠ ትምህርት ቤት የለም። ዘሩ እዚያ የሚጠብቀውን ነገር ሁሉ አስቀድሞ ማወቅ አማረው። እንቅልፍ እስኪያጣ ድረስ አማረው። ታዲያ ማንን ይጠይቅ? የተማረ የሚባል አንድ ሰው ነው ያለ።

"አያ ቢሆነኝ፣ ጎጆው ስንት ተማሪ ይይዛል?"

"መጥረቢያ ያዝ። ጎጆ ተሠርቶ ይጠብቀኛል ብለህ ነው? ያለ መጥረቢያማ እንዳትሞክረው!"

"መምህሩ ቁጡ ናቸው?"

"ኮሶ ያዝ። ሆድህን ሲያምህ ኮሶ የምታጠጣህ እናት እዚያ የለችህም።"

"እሺ፣ ክረምቱስ እንዴት ነው?"

"ክረምትማ… ክረምት ነዋ" አሉና የስልቻውን አፍ ጥብቅ አድርገው አሰሩት።

ይህች መልስ ዘሩን ከነከነችው። ልብ ብሎ ሲሰማ በአያ ቢሆነኝ ወሬ ውስጥ ዝናብ ዘንቦ አያውቅም። መንገዱ ሁልጊዜ ደረቅ ነው፣ ማሳው ሁልጊዜ በአደይ አበባ የተከበበ ነው። ሁለት ዓመት ተምሬያለሁ የሚል ሰው ቅኔ ቤት የከረመው በጥቅምት ብቻ ነበር እንዴ? ቢጠይቃቸው እንደሚቀየሙ ስላወቀ ተወው።

እናቱ ሀብትነሽ ያዘጋጀችለት አንድ የበግ ቆዳ ደበሎ፣ ተማሪ የለመነውን የሚይዝበት አንድ አኩፋዳና ለሁለት ቀን የሚሆን ጭብጦ ነበር። ከዚያ በላይ እንዲይዝ አልፈለገችም፤ ምክንያቱም ወጀት ላይ ኬላ አለ። ዛሬ ፍኖተ ሰላም የምንላት ያኔ ወጀት ነበር ስሟ። ዱር ቤቴ ያሉት አርበኞች መንገዱን ስላስጨነቁት ጣሊያኑ ወጣት ያየ እንደሆነ አያልፈውም። ባለፈው ወር ከጎረቤት መንደር ሁለት ልጆች እዚያ ተይዘው እስካሁን ወሬያቸው የለም።

"ባዶውን ቢሄድ ይሻለዋል" አለች ሀብትነሽ። "ተማሪ መሆኑን አኩፋዳውን አይተው ይለቁታል።"

"ባዶውን?" አያ ቢሆነኝ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። "አንቺ ሴትዮ፣ ልጅሽን በረሃብ ልትገይው ነው? ኧረ በስመ አብ!" ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። ሀብትነሽ ደንግጣ ተወቻቸው፤ ስንቁም መብዛት ጀመረ።

ሁለት ስልቻ በሶ ተጨመረ። አንድ ስልቻ ድርቆሽ፣ ቋንጣ በቅል፣ ሦስት አሞሌ ጨው፣ ኮሶው፣ መጥረቢያው፣ መኝታ የሚሆን ቁርበት መጣ። በመጨረሻ አያ ቢሆነኝ ለጎጆው አይጥ ብለው አንዲት ድመት አቅፈው ብቅ አሉ። ድመቷ ላይ ሀብትነሽ እምቢኝ አለች። ያለ ድመት እንኳ ጓዙን ሰው የሚሸከመው አልሆነም፤ ሊቀ ጓዝም የራሳቸውን አህያ ጎትተው አመጡ።

"በአህያ የሚሄድ የቆሎ ተማሪ የት ታይቶ ያውቃል? ይስቁብኛል እኮ፣ አያ ቢሆነኝ!"

"ይሳቁ! አንተ እየበላህ ይሳቁብህ!"

እስከ ወንዙ ልሸኝህ ብለው ተነሡ። ከወንዙ እስከ ማንኩሳ ሆነ። ማንኩሳ አድረው በማግስቱ ወጀት ኬላ ሲደርሱም አያ ቢሆነኝ የጭነቱን ጠፍር እያጠበቁ፣ ነጭ ሽንኩርት ስለ መርሳታቸው ራሳቸውን እየረገሙ ነበር።

ቀኑ የገበያ ቀን ስለሆነ ሰልፉ ረጅም ነው። ከሰልፈኞቹ መካከል ጌሾ የጫነው ጎረቤታቸው ገብረሰንበት አለ። ገብረሰንበት ጠዋት የሰማውን ማታ ሀገር ሁሉ እንዲያውቀው የሚያደርግ ሰው ነው፤ ገና ሲያያቸው አንገቱን አስግጎ ተጠጋ።

የኬላው አስተርጓሚ ስልቾቹን አንድ በአንድ አስፈታ።

"የማን ነው ይኸ?"

"የኔ ነው፣ ጌታዬ። ተማሪ ነኝ፣ ቅኔ ቤት ልገባ ነው።"

"ተማሪ?" ሰውየው መጥረቢያውን አንሥቶ ለጣሊያኑ ሹም አሳየው። "እኔም የዚሁ ሀገር ሰው ነኝ፣ አታሞኘኝ። ተማሪ ለምኖ ነው የሚበላ። ይኸ የሃያ ሰው ስንቅ ነው። ጫካ ላሉት ነው የምትወስደው!"

ዘሩ ሌላ ማስረጃ ቢያጣ ዳዊቱን በቃሉ ይወርደው ጀመር። "ሽፍታም ዳዊት ይደግማል" አለው አስተርጓሚው። ሹሙ አንዲት ቃል ተናገረ፤ ሁለት አስካሪ ወታደሮች የዘሩን እጅ ወደ ኋላ ጠመዘዙና ገመድ አወጡ። የእነዚያ የሁለቱ ልጆች ፊት መጣበት።

"ጓዙን ያሰርኩት እኔ ነኝ" አሉ አያ ቢሆነኝ።

"አንተ ደግሞ ማነህ?"

"ቢሆነኝ እባላለሁ። እኛ ቅኔ ቤት ሳለን…" ልማድ ሆኖባቸው ጀመሩና ቆሙ።

"ተምረሃል? እሰይ! እስቲ ንገረኛ፣ አንተ ስትሄድ ይኸን ሁሉ ጭነህ ነው የሄድከው? ስንት ዓመት ተማርክ?"

አያ ቢሆነኝ ሰልፉን አዩ። ገብረሰንበትን አዩ። ከዚያ በገመድ የተያዘውን የዘሩን እጅ አዩ።

"አሥራ አንድ ቀን።"

"ምን አልክ?"

"አሥራ አንድ ቀን ነው የተማርኩ!" ጮኹ። "ባዶ እጄን ሄድኩ። ልመና ወጥቼ ሰው ደጅ ስቆም ድምፄ አልወጣ አለኝ። አፈርኩ። ጓደኞቼ አኩፋዳቸውን ሞልተው ሲገቡ እኔ ባዶዬን። በኋላ ውሻ ባቴን ነከሰኝ፣ ጠኔ ጣለኝ፣ ሸሸሁ። ቤቴ መግባት ስላፈርኩ አክስቴ ዘንድ ሁለት ዓመት ሳርስ ከርሜ፣ ተምሬ መጣሁ አልኩ። ይኸ ልጅ እንደኔ ተርቦ እንዳይሸሽ ነው እንጂ እኔ ሽፍታ በምን አውቄ! ለሽፍታ ኮሶ ይላካል? ድመትም ልሰጠው ነበር፣ እናቱ ናት እምቢ ያለች!"

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አልታወቀም። አስተርጓሚው እየሳቀ ተረጎመ፤ ሹሙ አሥር ጣቱን ዘርግቶ አሥራ አንደኛውን እየፈለገ ሳቀ። ሰልፉ በሙሉ አውካካ። ገብረሰንበት ጌሾው ላይ ተደግፎ ሆዱን ያዘ። የዘሩን እጅ ለቀቁት፤ ጓዙ ግን ከነአህያዋ ለጣሊያኑ ምሽግ ቀረ። ደበሎና ባዶ አኩፋዳ ብቻ መለሱለት።

አያ ቢሆነኝ ከኬላው አጥር ሥር ቆመዋል። ትከሻቸው ወርዷል። ሠላሳ ዓመት የተከበሩባት ነገር አልቃለች፤ ነገ ማለዳ በሀገሩ የማይስቅባቸው አይኖርም። "ባዶህን ቀረህ፣ ልጄ" አሉ ቀና ሳይሉ።

ያን ሁሉ ጊዜ በልቡ "ሊቀ ጓዝ" እያለ ሲያፌዝባቸው መክረሙ ዘሩን አሳፈረው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አቧራው ላይ ተንበረከከና ጉልበታቸውን ሳመ።

"የኔታ፣ ይፍቱኝ።"

በዚያ ሀገር ተማሪ ይህን የሚለው ላስተማረው መምህር ብቻ ነው። ገብረሰንበት ሳቁን አቋረጠ።

"ተው፣ ተነሥ… ምን ነካህ አንተ" አሉ አያ ቢሆነኝ፤ እንባቸው ጢማቸው ላይ ይወርዳል። ዘሩ አልነሣም አለ። እጃቸውን ራሱ ላይ አሳረፉ። "እግዚአብሔር ይፍታህ" አሉት። ጎንበስ አሉና ቀስ ብለው ነገሩት፦ "ደጅ ስትደርስ እዚያው በዚያው ጩህ። ቆይቼ ልበል ካልክ እፍረቱ ይቀድምሃል። ውሻውን ፊት ለፊት ቁምለት እንጂ አትሽሸው። እኔ የማውቀው ይኸንኑ ነው።"

ዘሩ ቀኑን ሙሉ ሲሄድ ውሎ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከማያውቀው መንደር ደረሰ። ርቦታል። ከመጀመሪያው ቤት ደጃፍ ሲቆም ውሻው ዘሎ መጣ፤ ዘሩ ፊት ለፊት ቆመለት። እፍረቱ ሳይቀድመው ባለ በሌለ ኃይሉ "በእንተ ስማ ለማርያም!" ብሎ ጮኸ። በሩ ተከፈተ። አንዲት ሴት ትኩስ ቂጣ ይዛ ወጣችና ከራሱ እስከ እግሩ አየችው።

"አዲስ ነህ መሰል፣ አላውቅህም። የማን ተማሪ ነህ?"

"የየኔታ ቢሆነኝ" አላት።