ልብስ የቀየረ በረሮ

አብሮ መኖር ደስ የሚል ነገር ነው ይላሉ፤ የሚሉት ግን አብዛኛውን ጊዜ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። እኔ ጉለሌ ውስጥ አንድ ጓሮ፣ አንድ ቧንቧና አንድ ሽንት ቤት ከሦስት ቤተሰብ ጋር ተካፍዬ ጎልማሳነቴን የጨረስኩ ሴት ስለሆንኩ በዚህ ጉዳይ ትንሽ እናገራለሁ። አብሮ ለመኖር ፍቅር አያስፈልግም። የሚበላ ነገር፣ የሚጠጣ ነገርና ክፉ ቀን ሲመጣ የሚገቡበት ስንጥቅ ካለ ይበቃል። ይህን ያስተማረኝ ቄስ አይደለም፤ ካድሬም አይደለም። በረሮ ነው።

ፊታችሁን አታኮማትሩ፤ እናንተም ቤት አለ።

ታናሽ ወንድሜ አስፋው የባዮሎጂ አስተማሪ ነበር። የሰው ወንድም ደመወዝ ሲይዝ መጠጥ ይለምዳል ወይም ሚስት ያገባል፤ የእኔው በረሮ ማርባት ጀመረ። አዲሱ ገበያ ከተዘጋ ሱቅ አንድ የብስኩት መስታወት ሳጥን አመጣና አፉን ዙሪያውን ቫዝሊን ቀባው፤ የሚወጣ ሁሉ አሟልጮት ተመልሶ እንዲወድቅ ነው። ከዚያ ከሽንት ቤት ጉድጓድ ትልልቆቹን ቀዮች፣ ከወጥ ቤቴ ትንንሾቹን ቡናማዎች፣ ከማገዶው ክምር ሥር ደግሞ ጥቁሮቹን ለቃቅሞ ሦስቱንም ዘር አንድ ላይ ከተታቸው።

«አስፋውዬ፣ ድመት ብታሳድግስ?» አልኩት።

«እትዬ፣ ድመት የማላውቀውን ምን ትነግረኛለች?» አለኝ።

እሱ ማወቅ የፈለገው ሦስቱ ዓይነት በአንድ ሳጥን ይኖራሉ ወይስ ይባላሉ የሚለውን ነበር። እኔ ከቀበሌ ሱቅ ግማሽ ቀን ተሰልፌ ካመጣኋት ስኳር ቆንጥሮ ሲበትንላቸው ደሜ ይፈላ ነበር፤ ግን ምን ዋጋ አለው፣ እኔም ቀስ በቀስ ማየት ለመድኩ። እንደፈራነው አልተባሉም። ጥቁሮቹ ታች ወለሉን ያዙ፣ ቀዮቹ አስፋው ደራርቦ ያስገባላቸውን የካርቶን ፎቅ ወረሱ፣ ትንንሾቹ ደግሞ የተረፈውን ሁሉ ሞሉት። የሚበትንላቸው ፉርሽካ እስካለና ለመጠጥ ያስቀመጠላቸው ጥጥ እርጥብ እስከሆነ ድረስ አንዱ በሌላው ጀርባ ላይ ተራምዶ ያልፋል፤ ያኛው ይቅርታ አይጠይቅም፣ ይኸኛው ቂም አይዝም። የእኛ ጓሮ ሰላም እዚያ አልደረሰም ነበር።

አንድ ክፉ ነገር ብቻ ነበራቸው። በረሮ ሲያድግ ቆዳው ይጠበዋል። ያን ጊዜ ጀርባው ይሰነጠቅና ከአሮጌው ቆዳ ሾልኮ ይወጣል። ሲወጣ እንደ ወተት ነጭ ነው፤ እንደ ቅቤም ለስላሳ ነው። ጥቂት ሰዓት ከታገሠ ይጠነክራል፣ ቀለሙም ይመለሳል። ያቺን ጥቂት ሰዓት ሳይደበቅ ከቀረ ግን የገዛ ወገኖቹ ይበሉታል።

አስፋው ያየውን ሁሉ በደብተር ይጽፋል። አንዲት ቃል ብቻ አይጽፍም፤ «በረሮ» የምትለዋን። ለምን ይጽፋታል? ስለ ማን እንደሚጽፍ እሱ ያውቃል!

ዘመኑ ደግሞ ለቀለም የማይመች ዘመን ነበር። ቀይ የእኛ ነው፣ ነጭ የጠላት ነው ተብሎ በየግድግዳው ተጽፏል። በዚህ በቀለም ነገር ከቤቱ ወጥቶ የቀረ ሰው በየሰፈሩ አለ። እዚህ ላይ አልቀልድም።

አንድ ቀን ጠዋት አሰሳ መጣ። መሣሪያ ፍለጋ አልጋ ገለበጡ፣ የጤፍ ጆንያ ውስጥ እስከ ክርናቸው ገቡ፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። ሳጥኑን አይተው «ይሄማ እኛም ጋ ሞልቷል» ብለው አለፉት። ከጎኑ ያለውን ደብተር ግን ገለጥ አደረጉት። ከዚያ ደብተሩንም ወንድሜንም ይዘው ሄዱ።

በነጋታው ቀበሌ ተጠራሁ። ለምን እኔ እንደተጠራሁ እንድትረዱ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። እኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። አባቴ ግን የጭቃ ቤታችንን ግድግዳ በአሮጌ ጋዜጣ ለጥፎት ስለነበር ፊደልን የለየሁት ከግድግዳ ነው። አባቴ ደግሞ ማንበብ ስለማይችል ግማሹን ጋዜጣ ገልብጦ ነው የለጠፈው። ስለዚህ ቀጥ ያለውንም የተዘቀዘቀውንም እኩል አነባለሁ። ቀበሌው የፊደል ትምህርት ሲከፍት አስተማሪ ጠፋና እኔን አስገቡኝ። ከተማሪዎቼ አንዱ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ተሰማ ነበር። ከሹመቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነው፤ በዕድሜ ይበልጠኛል፣ ክፍል ውስጥ ግን «እትዬ» ነበር የሚለኝ።

ያኔ ለክፍሉ ሁሉ እንዲህ ብዬ አስተማርኩ፦ «በሁለት ነጥብና በሁለት ነጥብ መሀል ያለው አንድ ቃል ነው። ሰው ሲያነብላችሁ ጣታችሁን ከሥሩ አስኪዱ። አፍ ቢዋሽ ጣት ያጋልጠዋል።»

ምነው ምላሴን በቆረጠው!

ስገባ አስፋው ያለ ጫማና ያለ ቀበቶ ጥግ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ጓድ ተሰማ ካኪውን እስከ አንገቱ ቆልፎ ደብተሩን ፊቱ ዘርግቷል። የታተመ ያነባል፤ የወንድሜን የእጅ ጽሑፍ ግን ከእኔ በቀር ሰይጣንም አያነበው። ከመላው ገጽ የለየው ሁለት ቃል ነበር፦ ቀይና ነጭ።

«ጓዲት ጥሩነሽ፣ አንብቢልን» አለ። እትዬነቴ ቀርቷል።

ደብተሩን ገና ሳይሰጠኝ ከጠረጴዛው ማዶ ሆኜ ተዘቅዝቆ አነበብኩት። «ሰኞ። ከቀዮቹ፡ አንዱ፡ ነጭ፡ ሆነ። ቀዮቹ፡ በሉት። ማክሰኞ። ጥቁሮቹ፡ ተደብቀዋል። ምግብ፡ ቢቀነስ፡ ምን፡ ያደርጋሉ? ይሞከር።»

በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ነገር ሰው ጠፍቷል።

ጉሮሮዬን ጠራርጌ ጀመርኩ፦ «ሰኞ። ከቀዮቹ በረሮዎች አንዱ በረሮ ነጭ ሆነ...»

ጓድ ተሰማ ጣቱን ከሥሩ እያስኬደ ነበር። ጣቱ አራት ነጥቡ ላይ ደርሶ ቆመ።

«ጓዲት፣ ጣቴ ጨርሷል። አንቺ ግን ገና ነሽ።»

የተማሪ ጉብዝና እንደዚያን ቀን አስከፍቶኝ አያውቅም።

«በረሮ የምትለዋ ቃል የታለች?» አለ፤ ጣቱን ሳያነሳ።

መዋሸት እንደማያዋጣ ገባኝ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ቃሏ ደብተሩ ውስጥ የለችም። ሳጥኑ ውስጥ ናት። አስመጡና እዩ። ቀዩ ነጭ ሆኖ ካልወጣ እኔንም ከእሱ ጎን አስቀምጡኝ።»

«ነጭ በረሮ? እኔ ስንት ዓመት ስኖር አንድ ነጭ በረሮ አላየሁም።»

«ስለሚደበቅ ነዋ!»

አስፋው ከጥጉ ሆኖ በሹክሹክታ፣ «እትዬ፣ በየቀኑ እኮ አይወጣም» አለኝ።

«አንተ ዝም በል! የጻፍከው ይበቃል» አልኩት።

ሳጥኑ መጣ። ማኅተሙና የስብሰባ መዝገቡ ገለል ተደርገው ጠረጴዛው መሀል ተቀመጠ። አንድ አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ በረሮ እንዲጠብቅ ታዘዘ። ሦስት ቀን ያ ቢሮ ሌላ ሥራ አልሠራም። ባለ ጉዳይ አንገቱን ብቅ ሲያደርግ ጠባቂው፣ «ቆይ፣ ነጭ እስኪወጣ እየጠበቅን ነው» ይለዋል፤ ባለ ጉዳዩም ጉዳዩን ረስቶ፣ ወደ ኋላው ሳይዞር ይሄዳል። እኔ ጠዋት ጠዋት ለወንድሜ ምሳ፣ ለበረሮዎቹ ፉርሽካ ይዤ እመላለሳለሁ። ለአንድ በረሮ ቆዳ ብላ ለእንጦጦ ማርያም ጧፍ የተሳለች ሴት ከእኔ በፊት የነበረች አይመስለኝም።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ቀይ ከካርቶኑ ፎቅ ወርዶ ገላጣ ቦታ ላይ ቆመ። ጀርባው መሀል ለመሀል ተሰነጠቀ። ጓድ ተሰማ አንገቱን ከመስታወቱ ላይ ደፋ፤ በዚያች ቅጽበት ሊቀመንበሩ ጠፍቶ ልብስ ሰፊው ብቻ ቀረ።

«ስፌቱ ተተረተረ!» አለ።

ነጩ ወጣ። እንደ ጥጥ የነጣ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ ምስኪን ነጭ። እኔ እልል ልል ከንፈሬን ስከፍት ሁለት ቀዮች መጡና ከእግሩ ጀምረው ይበሉት ጀመር።

«ምን አጠፋ?» አለ ጠባቂው።

«ምንም። ልብሱን ቀየረ» አለ አስፋው።

«የገዛ ወገኖቹ እኮ ናቸው!» አለ ጓድ ተሰማ።

«ለስላሳ ሆኖ ሲያገኙት ነው። እስኪጠነክር ስንጥቅ ውስጥ ቢቆይ ማንም አይነካውም ነበር።»

ጓድ ተሰማ የካኪውን የላይኛ ቁልፍ ይነካካ ጀመር፤ ለረጅም ጊዜ ነካካው። ከዚያ ደብተሩን ዘግቶ ወደ እኔ ገፋው። «ወንድምሽን ውሰጂ። በየመስመሩ ግን በረሮ ብሎ ይጻፍ። ጣትና አፍ እኩል ይጨርሱ።»

አስፋው ያን ሌሊት በየመስመሩ ጻፈ። የሌላ ሰው ወንድሞች ግን ደብተራቸውን የሚያነብላቸው፣ ቢነበብም ሦስት ቀን የሚጠብቅላቸው አላገኙም። ይህን ስለማውቅ ስለቴን ሳገባ ደስታዬ ሙሉ አልነበረም።

ዓመታት አለፉ። ሳጥኑ ባዶውን ጓዳ ውስጥ አቧራ ጠጣ። አንድ ቀን ጠዋት ሬዲዮው መንግሥት መለወጡን ሲናገር በራችን ተንኳኳ። ከፈትኩ። ጓድ ተሰማ ነው፤ በካኪው።

«እትዬ ጥሩነሽ» አለኝ።

ስንት ዓመት ቆይቶ እትዬ ሆንኩ!

«ነጭ ጋቢ ካለሽ... እ... ማለቴ፣ ለዛሬ ብቻ።»

ካልዋሸኋችሁ፣ በሩን ልዘጋበት እጄ መዝጊያው ላይ ነበር። ያልተመለሱትን ልጆች አንድ በአንድ በስማቸው አስታወስኳቸው። ግን ደግሞ ያቺ ሦስት ቀን አለች። ከሽሮ ሜዳ የገዛሁትን አዲሱን ጋቢዬን አወጣሁለት። ጀርባውን አዙሮ ካኪውን ሲያወልቅ ከውስጡ የወጣው ሰውዬ ቀጭን፣ ፈዛዛና የሚንቀጠቀጥ ነበር።

«የት ልግባ?» አለ።

አስፋው ከጓዳው ብቅ አለና አየው። «እዚህ ከሳጥኑ አጠገብ ይቀመጥ። ጥቂት ጊዜ ይበቃዋል» አለ።

ሁለት ቀን ተቀምጦ በጓሮ በኩል ወጣ። አልተበላም።

ከጥቂት ወራት በኋላ አዲሱ ቀበሌ ስብሰባ ጠራን። መድረኩ ላይ አዲስ ኮት የለበሰ ሰው ንግግር ያነባል፤ ተሰማ ነው። ድምፁ ጠንክሯል፣ ቀለሙም ተመልሷል፤ የትኛው ቀለም እንደሆነ ግን እንጃ። የንግግሩ ወረቀት ለሁላችንም ታድሎ ስለነበር እኔም ጣቴን ከሥሩ እያስኬድኩ ተከተልኩት። ስለ ሰላም አነበበ፣ አብሮ ስለመኖር አነበበ፤ ቃል በቃል ነው፣ ጥሩ ተማሪ ነበር። ከዚያ በዚያ በጨለማ ዘመን አንድ ንጹሕ አስተማሪ ከእስር ለማስፈታት ሦስት ቀን ሙሉ ሳይተኛ እንዴት እንደታገለ መናገር ጀመረ።

ወረቀቱን አየሁ። ጣቴ ጨርሷል። እሱ ግን ገና ነበር።