መጀመሪያ ማን አሰበው?

መሥሪያ ቤት ካለ፣ “መጀመሪያ ማን አሰበው?” የሚል ሰው አይጠፋም። ቀልድ ስታወሩ ሳቁን አቋርጦ የቀልዱን ባለቤት ይጠይቃል። ምግብ ስታመሰግኑ ቅመሙ ከማን እንደመጣ ካላወቀ አይጎርስም። እኛ ሺንቹ ከተማ ውስጥ የኮምፒውተር ቺፕ የምንሠራ ሰዎች የደረሱን ክቡር አቶ ፋን ኩዋንግ-ሊን ናቸው፤ ፈጠራን በባለቤቱ ስም የሚያስመዘግበው የፓተንት ክፍል ኃላፊ፣ የሐሳብ ሁሉ ልደት መዝጋቢ።

ምሳ ላይ አጠገባቸው መቀመጥ ፈተና ነው። አንድ ቀን ጓደኛዬ ሹ “የሩዝ ኑድል ላይ ኮምጣጤ ጠብ ሲደረግበት ይጥማል” ብሎ አፉ ሳይዘጋ፣ አቶ ፋን የመብያ እንጨቶቻቸውን አስቀመጡ።

“መጀመሪያ ማን አሰበው?”

“እኔ ነኛ!”

“ራስህ አሰብከው ወይስ ሰው ሲያደርግ አየህ?”

“ያው... ሚስቴ ስታደርግ አይቼ ነው።”

“እሷስ?”

ምስኪኑ ሹ ኑድሉ እየቀዘቀዘ ለሚስቱ ደወለ። ነገሩ የአማቱ ሆኖ ተገኘ። አቶ ፋን “ደግ ሴት ናቸው” ብለው መብላታቸውን ቀጠሉ።

በዓመት መጨረሻው ግብዣ ደግሞ ዳይሬክተራችን አቶ ኮ ንግግር አድርገው አዳራሹ በጭብጨባ ሲናጋ፣ እኚሁ ሰው እጃቸውን አወጡ። ጥያቄያቸውን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ንግግሩን የጻፈችው ጸሐፊያቸው ከጥግ ተነስታ እጅ ነሳች፤ ዳይሬክተሩ ግን የግብዣው መዝጊያ ፍራፍሬ እስኪቀርብ ድረስ ቀና አላሉም።

እኔም እንደ ሰው እስቅባቸው ነበር፤ ወረፋው እስኪደርሰኝ።

ዋፈር የምንለው፣ ቺፖች የሚቀረጹበት ስስ የሲሊከን ሳህን ታጥቦ ሲደርቅ ነጠብጣብ እየያዘ አስቸግሮን ነበር። ነጠብጣቡ ያረፈበት ቺፕ ይጣላል። ስድስት ወር ለፍቼ መፍትሔውን አገኘሁ፦ ሳህኑን ከሙቅ ውሃው ውስጥ ጎን አስይዞ፣ ዘንበል አድርጎ በቀስታ ማውጣት። ፍጥነቱን ለካሁ፣ የሚያዘነብልበትን ልክ ለካሁ፣ ነጠብጣቡ ጠፋ። አቶ ኮ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው “ይሄ ፓተንት ይወጣለታል፤ ዕድገትህም አብሮ ይመጣል” አሉኝ። ቅጹን ሞላሁ። የፈጣሪዎች ስም፦ ኮ፣ ልያው። ልያው እኔ ነኝ።

አቶ ፋን አስጠሩኝ። ቅጹን አንብበው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ።

“ግሩም ነገር ነው ኢንጂነር ልያው። ጎን አስይዞ ማውጣቱን መጀመሪያ ማን አሰበው?”

“እኛው ነን።”

“የት ቆማችሁ?”

“እ... ማጠቢያው አጠገብ።”

“ሌላ ማን ነበር?”

ማጠቢያው ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራች ፔንግ ዩዌ-ሊ የምትባል ሴት አለች፤ ሁላችንም እህት ፔንግ እንላታለን። አንድ ቀን ስበሳጭ አይታኝ “ኢንጂነር፣ እኔ ቤት ብርጭቆ ሳጥብ ነጠብጣብ የሚይዘው በችኮላ፣ ቀጥ አድርጌ ያወጣሁት ነው። እስቲ ይሄንንም ጎን አስይዘው ቀስ ብለው ያውጡት” ብላኝ ነበር። ሳቅኩባት። ማታ ቤቴ ገብቼ በብርጭቆ ሞከርኩት። ከዚያ በኋላ ነው ስድስት ወር የለካሁት።

“ማንም አልነበረም” አልኩ።

አቶ ፋን አልተቆጡም። ፊታቸው ላይ ክስ ቢኖር ይቀለኝ ነበር፤ የነበረው ጉጉት ብቻ ነው። “እንግዲያው ሐሳቡ እንዴት እንደመጣ ንገረኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር መስማት እወዳለሁ” ብለው ወንበራቸውን አስጠጉ። ነገርኳቸው። በማግስቱም ጠሩኝ፤ እንደገና ነገርኳቸው። በሦስተኛው ቀን የብርጭቆው ነገር ከአፌ አመለጠኝ።

“የምን ብርጭቆ?”

ሁሉንም ዘረገፍኩት። ጆሮዬ እስኪግል አፈርኩ። እሳቸው ግን እንደ ልጅ ደስ አላቸው። “ብርጭቆ! እንዴት ያለች ሴት ናት!” ካሉ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ስማኝ ልጄ። መለካቱ የአንተ ነው፤ ማንም አይወስድብህም። ነገ ተፎካካሪ ፍርድ ቤት ቢያቆመን ግን ጠበቃው ይቺን ሴት ፈልጎ ያገኛታል። ያኔ ፓተንቱም ይወድቃል፣ አንተም አብረህ። ለመሆኑ ዳይሬክተሩ ምን አሰቡ?”

“እሳቸውማ... ፈረሙ።”

“መፈረም ማሰብ አይደለም” አሉና ‘ኮ’ የሚለውን በእርሳስ ሰረዙት። “ከአንተ ጋር ተነጋግሬ ነው እንጂ ብቻዬን አላጠፋውም። ምን ትላለህ?”

ዕድገቴን የሚፈርሙት አቶ ኮ ናቸው። ያም ሆኖ እርሳሱን ተቀብዬ በተሰረዘው ስም ቦታ ‘ፔንግ ዩዌ-ሊ’ ብዬ ጻፍኩ።

አቶ ኮ “ኩባንያውን የሰፈር ማጀት አደረጋችሁት!” ብለው ጮኹ። ዕድገቴ ያን ዓመትም፣ ቀጥሎ በመጣውም ዓመት የለም። እህት ፔንግ ስሟ መግባቱን ስነግራት “አሁን ይሄ ምን ይደረግልኛል?” ብላ ወደ ሥራዋ ዞረች።

ከሁለት ዓመት በኋላ ፓተንቱ ጸደቀ። አቶ ፋን “ለእህት ፔንግ እኔው ራሴ ካልነገርኳት” አሉ፤ እሷ ደግሞ ማጠቢያውን ትታ መውጣት አትችልም። ስለዚህ በሃያ ስድስት ዓመት አገልግሎታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ምርት ክፍሉ ሊገቡ ሆነ። ከብናኝ የሚከላከለውን ነጩን ቱታ ሳለብሳቸው ሁለቱንም እግራቸውን በአንዱ የቱታ እግር ከተቱት። ይባስ ብሎ በር ጠባቂው የፓተንቱን የምስክር ወረቀት ነጠቃቸው፤ ከወረቀት ብናኝ ስለሚወጣ እዚያ አይገባም።

“ግድ የለም፣ በቃሌ ይዤዋለሁ” አሉ።

ክንዳቸውን ደግፌ አስገባኋቸው። እህት ፔንግ ፊት ቆመው፣ በአፍ መሸፈኛቸው ውስጥ ሆነው፣ የፓተንቱን ቁጥር አንድ በአንድ፣ ከዚያም ርእሱን፣ ከዚያም ሁለቱን ስሞች አሰሙ። የእሷ ቀድሞ ነበር።

ከሁለት ዓይኖቿ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም።

“ይቅርታ አቶ ፋን” አለች፣ “በማሽኑ ጩኸት አልሰማሁዎትም። እስቲ ይድገሙልኝ።”

ማሽኑ ቆሞ ነበር። አቶ ፋንም ያውቃሉ። ጉሮሯቸውን ጠርገው ከቁጥሩ ጀመሩላት።