ፒያኖው ፒያኖ አይደለም

እጄ ነጭ ሽንኩርት እየላጠ ነበር። አቶ መርዕድ ከፊቴ ተቀምጠው ሻያቸውን ፉት አሉና አንዱን ፍሬ ከሳህኑ አንስተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት።

«እማማ አሳየች፣ ነጭ ሽንኩርት እኮ ነጭ ሽንኩርት አይደለም። ልጣጩ የሰው ልጅ የደበቀው ማንነቱ ነው» አሉኝ።

«ታዲያ ለወጤ የሚሆነኝ የትኛው ነው፣ ፍሬው ወይስ ማንነቱ?» አልኳቸው። አልሰሙኝም። እንዲህ ያለ ሰው አይሰማም።

ሐበሻ ባለበት አገር ሁሉ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። ሕልም ቢፈታ ኖሮ ግድ አልነበረኝም፤ ሕልም መፍታት የቆየ ሙያ ነው። ይሄኛው ግን በጠራራ ፀሐይ፣ ዓይናችሁ ተገልጦ፣ በእጃችሁ የጨበጣችሁትን ነገር ነው የሚፈታው። ጫማችሁ ጫማ አይደለም። በራችሁ በር አይደለም። እኛ ሳዑዲ አገር፣ ኹበር አሽ-ሸማሊያ ሰፈር ባለው ሕንጻችን ውስጥ ይህን ማዕረግ ለሊቀ ፍቺ አቶ መርዕድ ሰጥተናል። ተፎካካሪ አልነበራቸውም።

የምናደደው ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት፣ ከጎረቤት ሴቶች ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። «ሀ» ሁልጊዜም «ሀ» መሆኑን፣ ማታ ትቼው ብተኛ ጠዋት ተለውጦ እንደማይጠብቀኝ አምኜ እስክይዘው ድረስ ብዙ ለፍቻለሁ። ታዲያ አንድ የተማረ ሰው መጥቶ፣ ከፊቴ ያለው ነገር ያየሁት ነገር እንዳልሆነ ሲነግረኝ፣ የለፋሁበትን ከእጄ የሚነጥቀኝ ይመስለኛል።

በእኔ ላይ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። ነገሩ የልጅ ልጄ የዲና ነው። ልጄ ማኅደር እዚሁ ኹበር ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት፤ ዲናም የምትማረው በእንግሊዝኛ ነው። የመጨረሻውን ፈተና ያለፈች ልጅ ውጭ አገር ኮሌጅ ትገባለች። ያላለፈች ቤት ትቀመጣለች፤ ለእኛ ልጆች እዚህ ከዚያ በላይ የሚማሩበት በር አልተከፈተም። ዲና ሒሳቡም ሳይንሱም አያስጨንቃትም። የሚያስፈራት አንድ መጽሐፍ ነው፤ ስለ አንድ አሜሪካዊ ባለጠጋ የተጻፈ የድሮ ልብ ወለድ።

መጽሐፉን እኔም አውቀዋለሁ። ዲና ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወጥ ቤት ተቀምጣ በአማርኛ እየመለሰች ታነብልኝ ነበር። ሰውየው ከድህነት ተነስቶ ሀብታም ይሆናል። ትልቅ ቤት ይሠራል፣ ትልቅ ጥቁር ፒያኖም ይገዛል። ክዳኑን ግን አንድ ቀን ከፍቶት አያውቅም። አባቱ በአሽከርነት ያገለገላቸው ሰዎች አንድ ቀን እንግዳ ሆነው ይመጡልኛል፣ ያን ጊዜ ይከፈታል እያለ በየቀኑ ያስወለውለዋል። እነሱ አይመጡም። በመጨረሻ ሰውየው ይሞታል፣ ቤቱ ይሸጣል፣ ፒያኖውም ደጅ ወጥቶ ዝናብ ይመታዋል። እዚያ ላይ ስንደርስ እኔም አለቀስኩ፣ ዲናም አለቀሰች። መጽሐፉ ገብቶን ነበር ማለት ነው።

ከዚያ አቶ መርዕድ መጡ። እሳቸው ስድስት ኪሎ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ተምረው፣ አሁን በደማም ወደብ መጋዘን ከመርከብ የወረደ ካርቶን እየከፈቱ ዕቃ ሲያመሳክሩ የሚውሉ ሰው ናቸው። ዲና ያን መጽሐፍ እንደያዘች ሲሰሙ ፊታቸው እንደ ሙሽራ በራ። ዓርብ ዓርብ በነፃ አስጠናታለሁ አሉ። ማኅደር በደስታ እጃቸውን ልትስም ምንም አልቀራት።

«ፒያኖው ፒያኖ አይደለም» ብለው ጀመሩ። የመጀመሪያው ዓርብ ፒያኖው ትዕቢት ነበር። በሚቀጥለው ዓርብ ጥቁር ስለሆነ ሞት ሆነ። ሦስቱ እግሮቹ ትናንት፣ ዛሬና ነገ ናቸው ተባለ። ነጫጩና ጥቋቁሩ ቁልፍ ደግሞ ሀብታምና ድሃ። ዲና አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች። እኔ ከምድጃው አጠገብ ሆኜ «ሰውየውስ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ሰውየው አሜሪካ ነው፣ እማማ።»

ምስኪን፣ ያን ሁሉ ገንዘብ ይዞ ሰው መሆን እንኳ ተከለከለ።

በሽታው ከመጽሐፍም አልፎ ይሄዳል። ዘይኔ የምትባል፣ ደማም ከተማ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ አለች፤ ማዳሟ ስትፈቅድላት ዓርብ እኛ ጋ ትመጣለች። ለዒድ ማዳሟ የእጅ ሰዓት ሰጠቻትና ደስ ብሏት ልታሳየን መጣች። አቶ መርዕድ ክንዷን አየት አደረጉና «ሰዓቱ እኮ ሰዓት አይደለም። ጊዜሽ የእኔ ነው ማለቷ ነው» አሏት። ልጅቱ ሰዓቱን አውልቃ ሻንጣዋ ውስጥ ቀበረችው። ማዳሟ ስጦታዬን ናቀች ብላ አኮረፈች፤ ቤቱ ሙሽኪላ በሙሽኪላ፣ ጠብ በጠብ ሆነ። በኋላ ሲጣራ፣ ሴትዮዋ ሰዓቱን የገዛችው ዘይኔ የሶላት ሰዓት ደርሶ እንደሆነ በየቀኑ ስለምትጠይቃት ነበር። ይህን ለአቶ መርዕድ ስነግራቸው ጥቂት አሰቡና «ይሄም አንድ ፍቺ ነው» አሉኝ። ማማሰያው በእጄ ነበር፤ እግዚአብሔር ነው ያወጣቸው።

ፈተናው ሲቃረብ ትምህርት ቤቱ መለማመጃ ሰጣቸው። ዲና አቶ መርዕድ ያስጻፏትን ሁሉ፣ ትዕቢቱንም ሞቱንም ሦስቱንም እግር፣ አንድ ሳታስቀር ገልብጣ መጣች። ወደቀች። መምህርቷ ከግርጌው በቀይ እንዲህ ብላ ጽፋ ነበር፦ «ስለ ዕቃዎቹ ሁሉ ነገርሽኝ። ሰውየው የት አለ?»

ዲና መጽሐፉን አልጋ ሥር ወርውራ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እኔ ዐባያዬን ደርቤ «ተነሺ፣ ተከተዪኝ» አልኳት። አቶ መርዕድ የሚኖሩት ላይኛው ፎቅ ነው። የምናገረውን ደረጃ ለደረጃ እያዘጋጀሁ ወጣሁ። ኸላስ፣ በቃ፣ ከእንግዲህ ደጃችንን እንዳይረግጡ ልላቸው ነበር።

በሩን ሲከፍቱልን ቤቱ ባዶ ነው። መሬት ላይ ፍራሽ፣ ግድግዳ ሥር የተደረደሩ መጻሕፍት፣ አንድ ቴፕ። ከዚያ ሌላ ያለው እንደታሸገ የተቀመጠ ትልቅ ካርቶን ብቻ ነው። ወንበር ስለሌለ እሱ ላይ ልቀመጥ ስል ጮሁብኝ።

«እማማ፣ እሱ ላይ አይሆንም!»

ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰምቼ አላውቅም። ካርቶኑ ላይ ከጣሪያ የሚንጠለጠል የብርጭቆ መብራት ሥዕል አለ። ማሸጊያው ከማርጀቱ ቢጫ ሆኗል። የበቀል ሰዓቴ ደረሰ ብዬ ወገቤን ያዝኩ።

«ይሄስ፣ አቶ መርዕድ፣ ምኑን ነው የሚወክለው?»

የካርቶኑን ጠርዝ በመዳፋቸው ዳበሱት።

«መብራት ነው፣ እማማ» አሉኝ። «መብራት ብቻ ነው።»

ከዚያ ቀስ እያሉ ነገሩን። ኮምቦልቻ ለእናታቸው ቤት አሠርተዋል። መብራቱ ለሳሎኑ ነው፣ የሚሰቅሉትም በራሳቸው እጅ ነው። የገዙት ዲና ገና ትምህርት ቤት ስትገባ ነው። የቀረው የሳሎኑ ኮርኒስ ነው። አንድ ዓመት እንጨት ተወደደ፣ አንድ ዓመት አናጢው ጠፋ፣ አንድ ዓመት ደግሞ ክረምቱ ገፋ። ኮርኒሱ ሳያልቅ አልሄድም ብለው የዓመት ፈቃዳቸውን በየዓመቱ ያስተላልፋሉ። እናታቸው በካሴት ድምጿን ስትልክ፣ ከሰላምታው ቀጥላ የምትለው አንድ ነገር ነው፦ መብራቱ ይቆይ፣ አንተ ና።

ልናገር ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝ። ተናደድኩ፤ ግን በእሳቸው አልነበረም። በዚያ ባላየሁት ኮርኒስ ነው የተናደድኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮም አንቱታው አፌ ላይ አልሄድልሽ አለኝ።

«አንተ ልጅ፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ካርቶን ስትከፍት ትውላለህ። የራስህን ማን ይክፈትልህ?» አልኩት።

«ኮርኒሱ ይለቅ፣ እማማ» አለኝ።

ቤት ስንመለስ ዲና መጽሐፉን ከአልጋ ሥር አወጣችው።

ፈተናው ላይ፣ በታሪኩ ውስጥ አንድ ዕቃ መርጣችሁ ስለ ባለቤቱ ጠባይ የሚነግራችሁን ጻፉ የሚል ጥያቄ መጣ። ውጤቱ በክረምት ደረሰ፤ ዲናዬ አልፋለች። መርዕድ ኬክ ይዞ መጣ። ምን እንደጻፈች ጠየቃት። እኔ በጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጥኳት፤ እሷ ግን የእናቷ ልጅ ናት፣ ለጠየቃት አትደብቅም።

«ፒያኖው ፒያኖ ነው ብዬ ጻፍኩ፣ ጋሼ። ሰውየው የማይከፍተው ኩራተኛ ሆኖ አይደለም። ፒያኖው እስካልተከፈተ ድረስ እንግዶቹ ገና ይመጣሉ። ከከፈተው መጠበቁ አለቀ ማለት ነው። ያን ነው የፈራው።»

ኬኩን ሳይቀምሰው ሳህኑን አስቀመጠ።

«ስለ ሦስቱ እግሮች አልጻፍሽም?»

«አልጻፍኩም፣ ጋሼ።»

«ጥሩ አደረግሽ» አላት። ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እኔም ለአንድ ጊዜ፣ መስኮቱ ምንድን ነው ብዬ አልጠየቅኩትም።

በሚቀጥለው ሳምንት ፈቃድ ጠየቀ፣ የመውጫና የመመለሻ ቪዛውንም አስመታ። ለገና እናቱ ቤት ይሆናል። ኮርኒሱ አላለቀም። ከአሁኑ ቤታችን ዓርብ ዓርብ ጭር ብሏል፤ ዕቃ ሲያሰናዳ ስለሚውል አይመጣም። ባለፈው ዓርብ አንድ የነጭ ሽንኩርት ፍሬ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሬ ስመለከት ራሴን አገኘሁት። ምንም አልታየኝም። እሱ ቢኖር ይነግረኝ ነበር።

እንግዲህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በገና ሰሞን ከዳህራን አውሮፕላን ማረፊያ በጂዳ በኩል አዲስ አበባ የምትሄዱ፣ ሻንጣችሁ የቀለለ ካላችሁ፣ መጻሕፍቱን ያዙለት። ካርቶኑን ለማንም አይሰጥምና እሱ ራሱ ይሸከም። በመንገድ ላይ ሻንጣችሁ ሻንጣ አይደለም ቢላችሁ፣ እሺ በሉት። ስለ ኮርኒሱ ግን አደራ፣ ማንም እንዳያነሳበት።